የመሥሪያ ቤት መስኮትና የመብራት ወጪ

መስኮት ሦስት ሥራ አለው። ብርሃን ያስገባል። አየር ያስገባል። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውጭውን እንዲያይ ያደርጋል።

ነገር ግን በመስኮት ያልተጠራ እንግዳም ይገባል። ሙቀት ይገባል። ብርድ ይገባል። አቧራም ይገባል። ስለዚህ ጥሩ መስኮት ማለት የምንፈልገውን አስገብቶ የማንፈልገውን ውጭ የሚያስቀር መስኮት ነው።

ገበሬ ይህን ነገር ያውቀዋል። ጎተራ ሲሠራ እህሉ አየር እንዲያገኝ፣ ዝናብ ግን እንዳይገባበት አስቦ ይሠራል። በረት ሲያጥር ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ በሩን ያዞራል። ጎጆ ሲቀልስም እንዲሁ ነው። ማንም ሳያስተምረው ከአባቱ ያየውን ይሠራል።

ታዲያ በከተማ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ይህ እውቀት ለምን ይረሳል?

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ በብሎኬትና በመስታወት የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው ይጨምራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ መስታወት ወደ ምዕራብ የዞረበት ቤት አለ። እንዲህ ያለ ቢሮ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ፀሐይ ወደ ካራማራ ተራራ ስታዘቀዝቅ በመስታወቱ ቀጥ ብላ ትገባለች። ክፍሉ ይግላል። ጸሐፊው መጋረጃ ይጋርዳል። መጋረጃ ሲጋረድ ክፍሉ ይጨልማል። ስለዚህ አምፑል ያበራል። ሙቀቱ ግን አልወጣም። ቬንትሌተር ይከፈታል። ቬንትሌተሩም የሞቀውን አየር ያሽከረክራል እንጂ አያበርድም። በመጨረሻ ኤሲ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ይገዛል።

እስቲ ልብ በሉ! ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው። ውስጥ አምፑል በርቷል። ይህ ሁሉ ወጪ የመጣው አንድ መስኮት ያለ ቦታው ስለ ተሠራ ነው።

ይህ ጉዳይ ገበሬውን ምን ያገባዋል?

«ይህ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ያገባዋል። ምክንያቱ አራት ነው።

አንደኛ፣ ገበሬው የመሬት፣ የግብር፣ የማዳበሪያ ጉዳይ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ወረፋ ይጠብቃል። ክፍሉ እንደ ምድጃ ከጋለ ተራ ጠባቂውም ሠራተኛውም ይሰቃያሉ። በሙቀት የደከመ ሠራተኛ «ነገ ተመለሱ» ማለት ይቀናዋል።

ሁለተኛ፣ የጽሕፈት ቤቱ የመብራት ሒሳብ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ የመብራት ኃይል አይትረፈረፍም። በአንድ ቦታ የባከነው ኃይል በሌላ ቦታ ይጎድላል።

አራተኛ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲሠራ ገበሬው ገንዘብ ያዋጣል፤ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፤ በጉልበቱም ይሠራል። ያዋጣ ሰው መጠየቅ ይችላል። ለመጠየቅ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ኃይሉን በቁጥር እንየው

እህል በኪሎ ይመዘናል። የመብራት ኃይል ደግሞ በዋት ይለካል። 1,000 ዋት 1 ኪሎዋት ነው። 1 ኪሎዋት የሚፈጅ ዕቃ ለ1 ሰዓት ሲሠራ ቆጣሪው ላይ 1 ይጨምራል። ይህ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። የሚከፈለውም በእሱ ነው።

አንድ መካከለኛ የአየር ማቀዝቀዣ 1 ኪሎዋት ያህል ይፈጃል እንበል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 6 ጊዜ 22፣ 132 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

አሁን ደግሞ የአንድ ገበሬ ቤት እንቁጠር። ቤቱ 3 አምፑል አለው እንበል። ኃይል ቆጣቢ አምፑል 10 ዋት ያህል ይፈጃል። ሦስቱ 30 ዋት ናቸው። በየማታው 5 ሰዓት ቢበሩ 150 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ30 ቀን 4,500 ዋት ሰዓት፣ ማለት 4 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ነው።

132ን ለ4 ተኩል አካፍሉ። 29 ይደርሳል። እንግዲህ አንድ የቢሮ ማቀዝቀዣ በወር የሚፈጀው ኃይል 29 የገበሬ ቤቶችን ማታ ማታ ያበራል ማለት ነው። ሃያ ዘጠኝ ቤት ሙሉ ልጆች ትምህርታቸውን ያጠኑበታል።

የአገራችን መብራት አብዛኛው የሚመነጨው ከወንዝ ግድብ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞንም በአይሻ ነፋስ መብራት እንዲሰጥ ትልልቅ ተሽከርካሪዎች ተተክለዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ገና መብራት ያልገባላቸው ብዙ ቀበሌዎች አሉ። ስለዚህ ግድብ መሥራት አንድ ሥራ ነው። የተገኘውን አለማባከን ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ፀሐይ በመስታወት እንዴት ትገባለች?

በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ውጭ መጠነኛ ሙቀት ነው። መኪናው ውስጥ ግን ወንበሩ ያቃጥላል። ለምን?

የፀሐይ ብርሃን በመስታወት በቀላሉ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ወለሉን፣ ጠረጴዛውንና ግድግዳውን ያሞቃል። የሞቀው ዕቃ በተራው ሙቀት ይተፋል። ይህ ሙቀት ግን እንደ ብርሃኑ በመስታወት አያልፍም። ውስጥ ይቀራል። መስታወት ለፀሐይ ሙቀት እንደ አይጥ ወጥመድ ነው። መግቢያ አለው፤ መውጫ የለውም።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው? ደመና በሌለበት ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ 1 ካሬ ሜትር መስታወት 600 ዋት ያህል የፀሐይ ሙቀት ይቀበላል። ስስ ነጭ መስታወት ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያሳልፋል። የመስታወቱ ስፋት 6 ካሬ ሜትር ከሆነ ወደ ክፍሉ የሚገባው ወደ 3 ኪሎዋት ይጠጋል። በከተማ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቢሮ መቀመጥ ከጋለ ምጣድ አጠገብ መቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ብዙ ቢሮ መጋረጃ የሚሰቅለው ከውስጥ ነው። መጋረጃው ፀሐይን የሚያገኛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነው። ሙቀቱ ገብቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ፀሐይን መከልከል ያለብን መስታወቱን ሳትነካ፣ ከውጭ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህን ይያዝ።

የፀሐይን መንገድ በእንጨት መለካት

ፀሐይ በየወሩ መንገዷን ትለውጣለች። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ቀጥ ያለ እንጨትና አንድ ሜትር ብቻ ይበቃል።

1 ሜትር የሆነ እንጨት ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ጥላው ከሁሉ ያጥራል። በዚያን ጊዜ ለኩት።

በጅግጅጋ አካባቢ ታኅሣሥ 12 ገደማ ብትለኩ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ርዝመቱም 65 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ማለት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላለች ማለት ነው። ሰኔ 14 ገደማ ብትለኩ ግን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ርዝመቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ጥቂት ዘንበል ብላለች። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በቀትር ሰው የራሱን ጥላ ይረግጣል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ በቀትር ፀሐይን የሚያገኛት ከፍ ብላ ነው። ከፍ ያለች ፀሐይ ደግሞ በክፍክፍ ትመለሳለች። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ ግን ፀሐይን የሚያገኛት ዝቅ ብላ ነው። ዝቅ ያለች ፀሐይ ከክፍክፍ ሥር ሾልካ ትገባለች።

ስለዚህ መሥሪያ ቤት ሲሠራ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ። ጠባቦቹ ግድግዳዎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይዙሩ፤ እነሱም በተቻለ መጠን መስኮት አይኑርባቸው። ለዚህ አንድ ሳንቲም ትርፍ ወጪ የለበትም። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ገመዱን ማዞር ብቻ ነው።

ክፍክፉ ስንት ይሁን?

እንጨቱ ይህንንም ይነግረናል። 1 ሜትር ቆሞ ጥላው 65 ሴንቲሜትር ከራቀ፣ 65 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ የወጣ ክፍክፍ ጥላውን 1 ሜትር ወደ ታች ያወርዳል። ስለዚህ በደቡብ በኩል 1 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት 65 ሴንቲሜትር የሚያህል ክፍክፍ ይበቃል። በስንዝር ሦስት ስንዝር ያህል ነው። በሰሜን በኩል ለዚያው መስኮት 25 ሴንቲሜትር፣ ማለት አንድ ስንዝር ትንሽ አለፍ ያለ ይበቃል። የመስኮቱ ቁመት 1 ሜትር ከ20 ከሆነ የደቡቡ ክፍክፍ 78 ሴንቲሜትር ይሁን። ክፍክፉ ከመስኮቱ ራስ ብዙ ከፍ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን ያንኑ ያህል መርዘም አለበት።

በታኅሣሥ ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ከክፍክፉ ሥር ትገባለች። ይህ አይጎዳም። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። የታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ጠዋት ክፍሉን ጥቂት የምታሞቅ ፀሐይ ወዳጅ ናት።

በምዕራብ በኩል ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለ1 ሜትር መስኮት 1 ሜትር ከ70 የሚያህል ክፍክፍ ያስፈልጋል። በ11 ሰዓት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ክፍክፍ አይሠራም። ስለዚህ ለምዕራብ መስኮት መድኃኒቱ ሌላ ነው።

ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነስ?

ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም። መስኮቱን ማረም ይቻላል።

በረንዳ መቀጠል አንዱ መንገድ ነው። በረንዳው ባለ ጉዳይ ወረፋ የሚጠብቅበት ጥላም ይሆናል። በረንዳው ፊት ላይ ከላይ እስከ ወገብ ድረስ የሚወርድ የሸምበቆ ወይም የሰሌን ምንጣፍ ቢሰቀል ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ይመልሳል።

ሁለተኛው መንገድ ከመስታወቱ ውጭ የእንጨት መዝጊያ መሥራት ነው። መዝጊያው ሰፋ ሰፋ ያሉ አግዳሚ ጣውላዎች ተጋድመው የሚሠራ ቢሆን ፀሐይን ከልክሎ አየርና ጥቂት ብርሃን ያሳልፋል። ይህን የሠፈር አናጢ ይሠራዋል።

ሦስተኛው መንገድ ዛፍ ነው። በምዕራብ በኩል ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ግራር ወይም ኒም ይተከል። በጅግጅጋ ውኃ እንደሚቸግር ይታወቃል። እጅ የታጠቡበት ውኃ ለችግኝ ይበቃል። ዛፍ ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዛፉ እስኪያድግ ምንጣፉ ይሥራ።

አራተኛው መንገድ የመስኮቱን የታች ግማሽ በብሎኬት መድፈን ነው። ብርሃን ወደ ክፍሉ ጠልቆ የሚገባው ከመስኮቱ የላይኛው ክፍል ነው። ግድግዳው ከውስጥ ነጭ ኖራ ቢቀባ ብርሃኑ ይበዛል። አምፑልም በቀን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። «ሙቀት ይገባል» ብሎ መስኮቱን ሁሉ ማጥበብ ልክ አይደለም። የጨለመ ቢሮ ቀኑን ሙሉ አምፑል ሲያበራ ይውላል። የምንፈልገው ከፀሐይ የተጋረደ ብርሃን ነው። መስኮት ይኑር፤ ጥላም ይኑረው።

ሌላም ነገር አለ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ከመስኮቱ ይልቅ ክፍሉን ያግላል። እንዲህ ያለ ቤት መጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራለት። ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ እንሂድ።

ከጎረቤት እንማር

ይህ እውቀት ከሩቅ አገር ብቻ የመጣ አይደለም። በአጠገባችን አለ።

ሐረርን ተመልከቱ። የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በጀጎል ውስጥ ያሉት የጥንት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ነው። ወደ ጎዳና የሚያይ መስኮት ጥቂት ነው። ቤቱ ብርሃንና አየር የሚያገኘው ከግቢው በኩል ነው። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም።

ድሬዳዋን ተመልከቱ። ከተማው የተቆረቆረው በ1895 ዓ.ም. ገደማ ባቡር በደረሰ ጊዜ ነው። በከዚራ ሠፈር የተሠሩት የባቡር ዘመን ቤቶች ሰፋፊ በረንዳና አግዳሚ ጣውላ ያላቸው የእንጨት መዝጊያዎች አሏቸው። በመንገዱ ዳር ዛፍ ተተክሏል። ድሬዳዋና ሽንሌ ከጅግጅጋ ዝቅ ያሉ ስለ ሆኑ ይበልጥ ይሞቃሉ። እነዚያ ቤቶች ሲሠሩ ኤሲ አልነበረም። መድኃኒታቸው ጥላና አየር ነበር።

የሶማሌ አርብቶ አደሮችን ቤት፣ አቃልን ተመልከቱ። ከተጎነበሰ እንጨትና ከምንጣፍ ይሠራል። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ሙቀት ሲሆን ምንጣፉን ገለጥ ያደርጉታል፤ ነፋስ ይገባል። ሲበርድ ይደርቡታል። አቃል መስታወት የለውም። ግን እንደ ጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ግድግዳ አለው። ጥሩ መስኮትም ከዚህ ሌላ አይደለም።

የሩቅ አገር ምሳሌ

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ኤምፓየር ስቴት የሚባል ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ አለ። የተሠራው በ1923 ዓ.ም. ነው። በውስጡ ብዙ ቢሮዎች አሉ። መስኮቶቹ ከ6,500 ይበልጣሉ። በክረምት ብርድ፣ በበጋ ሙቀት ስለሚያስገቡ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ብዙ ኃይል ይወጣ ነበር።

በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. የሕንፃው ባለቤቶች መስኮቶቹን አሳደሱ። መስታወቱን ግን አልጣሉትም። በሕንፃው ውስጥ በአንድ ፎቅ ላይ ወርክሾፕ አቋቋሙ። እያንዳንዱን መስኮት አውርደው መስታወቱን አጠቡ። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነበር። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን አስገቡ። ክፍተቱን ሙቀት በቀላሉ በማያሳልፍ ጋዝ ሞሉት። ከዚያም መልሰው ገጠሙት።

ድርብ መስታወት ለምን ይጠቅማል? ሁለት ጋቢ ደርቦ እንደ መልበስ ነው። ብርዱን የሚከለክለው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በመካከል የታሰረው አየር ነው። ነጠላ መስታወት ከሚያሳልፈው ሙቀት ድርብ መስታወት ግማሽ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል።

ታዲያ እኛም ድርብ መስታወት እንግዛ? ለጅግጅጋ አየር መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ አይደለም። ድርብ መስታወት በጣም ለሚበርድ አገርና ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ ለሚያሠራ ሕንፃ ይሆናል። ጥላ የሌለው ድርብ መስታወት ቀጥታ የምትመጣን ፀሐይ አይመልስም። ለእኛ ጥላ ይቅደም። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሌላ ነገር ነው። ሀብታም አገር እንኳ አሮጌውን መስኮት አርሞ ተጠቀመበት እንጂ አልጣለውም።

በቀዳዳ የሚገባውን ነፋስ ማወቅ

የጅግጅጋ ሜዳ ነፋስ ይበዛበታል። ያልገጠመ መስኮት በቀን አቧራ፣ በሌሊት ብርድ ያስገባል። አቧራው መዝገቡን ያበላሻል፤ ኮምፒዩተሩንም ይጎዳል። በበያጅ የተሠራ የብረት መስኮት ከጊዜ በኋላ ይጣመማል። መስታወቱን የያዘው ስቱኮም ይሰነጠቅና ይረግፋል።

ቀዳዳውን እንዴት እናገኘዋለን? ነፋስ በሚነፍስበት ቀን መስኮቱን ዝጉ። ዕጣን አጭሱ። ዕጣን በሶማሌ ክልል የማይገኝበት ቤት የለም። የሚጨሰውን ዕጣን በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ጭሱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተገፋ እዚያ ቀዳዳ አለ። በኖራ ምልክት አድርጉበት።

መስታወቱ በተያዘበት በኩል ከሆነ አሮጌውን ስቱኮ ፍቃችሁ አዲስ አድርጉ። መስኮቱ በሚዘጋበት ጠርዝ ከሆነ ስስ ጎማ ወይም ስፖንጅ ለጥፉበት። ግድግዳውና ብረቱ የተገናኙበት ቦታ ከሆነ በሲሚንቶ ድፈኑት። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ

መስኮት ቢታረምም በጊዜው ካልተከፈተና ካልተዘጋ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ቢሮ እንደ ተከፈተ መስኮቶቹ ይከፈቱ። አየር የሚዘዋወረው ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ሲከፈቱ ነው። በአንዱ ይገባል፤ በሌላው ይወጣል። በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ይታፈናል። በዚህ ጊዜ ከበሩ በላይ ቀዳዳ መተው ይጠቅማል።

ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ትናንሽ መተንፈሻዎች ይኑሩ። ወንፊት ሽቦና የብረት ፍርግርግ ቢደረግባቸው ሌሊትም ክፍት መሆን ይችላሉ። በሙቀቱ ወራት የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ግድግዳውን ያበርደዋል። የበረደ ግድግዳ በማግሥቱ እስከ ቀትር ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። በብርዱ ወራት መተንፈሻው በክዳን ይሸፈን።

ከቀትር በኋላ የውጭው አየር ከውስጡ ከሞቀ መስኮቱ ይዘጋ። ማቀዝቀዣ ያለው ቢሮም ማቀዝቀዣው ሲሠራ መስኮት አይክፈት። መስኮት ከፍቶ ማቀዝቀዝ ሜዳውን ማቀዝቀዝ ነው። በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጫን ይቆጠራል።

በስብሰባ ላይ ምን እንበል?

አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ማኅበር አዲስ ጽሕፈት ቤት ለመሥራት ሲሰበሰብ ክርክር ይነሣል። «በአዲስ አበባ ፎቆቹ ሁሉ መስታወት ለብሰዋል። የእኛም እንደነሱ ይሁን። መስታወት የሥልጣኔ ምልክት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ለዚህ ሰው በአክብሮት መልስ መስጠት ይቻላል። መስታወት መጥፎ ነገር አይደለም። ያለ መስታወት ብርሃን የለም። ነገር ግን ቤት የሚሠራው ለሚያልፍ ሰው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ለሚውል ሰው ነው። መስታወቱ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። የመብራቱ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ጥገና ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለጄኔሬተር ነዳጅ ይገዛል። የአንዱ ቀን ጌጥ የብዙ ዓመት ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ግንበኛው ወይም መሐንዲሱ ፕላን ይዞ ሲቀርብ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። ትልቁ መስኮት ወደ የት ዞሯል? ክፍክፉ ስንት ስንዝር ይወጣል? በምዕራብ በኩል ምን ጥላ አለ? አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ኮርኒስ አለው ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በሜዳ ላይ እንጨት ተክሎ ጥላውን የለካ ሰው መጠየቅ ይችላል።

የተሰጠው መልስም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። የተነገረ ነገር ይረሳል። የተጻፈ ግን ሥራው ሲጀመር ይነበባል።

ማጠቃለያ

ፀሐይን ከመስታወት ውጭ አስቁሟት። መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር። የደቡቡ ክፍክፍ ለአንድ ሜትር መስኮት ሦስት ስንዝር፣ የሰሜኑ አንድ ስንዝር አለፍ ያለ ይሁን። ለምዕራቡ በረንዳ፣ መዝጊያ ወይም ዛፍ ይደረግለት። ቀዳዳ ይደፈን። ጠዋት ይከፈት፤ በሙቀት ሰዓት ይዘጋ።

ይህን ያደረገ መሥሪያ ቤት በጅግጅጋ አየር ያለ ማቀዝቀዣ ሊሠራ ይችላል። የተረፈውም ኃይል ቢያንስ ሃያ ዘጠኝ ቤት ያበራል።

ጥያቄዎች

1. መስኮት ምን ምን ሥራ አለው? የማይፈለግ ምን ነገር ያስገባል?

2. ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ሙቀትን በደንብ የማይከለክለው ለምንድን ነው?

3. 1 ሜትር እንጨት ተክላችሁ የቀትሩን ጥላ ለኩ። ጥላው ወደ የት ወደቀ? ስንት ሴንቲሜትር ሆነ? ቀኑንና ልኩን በደብተራችሁ ጻፉ።

4. የቀበሌያችሁ ጽሕፈት ቤት መስኮቶች ወደ የት ዞረዋል? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየትኛው ትገባለች?

5. ሁለት ማቀዝቀዣ ያለው መሥሪያ ቤት በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? ይህ ኃይል የስንት ገበሬ ቤት አምፑል ያበራል?

6. በቀበሌያችሁ ጽሕፈት ቤት በትንሽ ገንዘብ ሊታረም የሚችል መስኮት አለ ወይ? ሥራው በማን ጉልበትና በምን ዕቃ ሊሠራ ይችላል? ተወያዩበት።